ኢ ኮላይ ከግሉኮስና ከላክቶስ የትኛውን እንደሚያስቀድም በቤተ ሙከራ ለማሳየት

ግሉኮስና ላክቶስ የተባሉት ስኳሮች አብረው የቀረቡለት ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ሁለት የሚጋጩ ምልክቶች ይደርሱታል። ላክቶስ መኖሩ የራሱን መፍጫ ኢንዛይም እንዲያመርት ይገፋፋዋል፤ ግሉኮስ መኖሩ ደግሞ ምርቱን ያግደዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በግሉኮስ ያድጋል፤ ግሉኮሱ ሲያልቅ ለአጭር ጊዜ ተገትቶ ከዚያ በላክቶስ ያድጋል። ፈረንሳዊው ባዮሎጂስት ዣክ ሞኖ ይህን ባለሁለት ደረጃ እድገት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ መርምሮ፣ በ1961 ከፍራንሷ ዣኮብ ጋር የዘረመሉን አሠራር አብራርቷል።

ሙከራው የሚሰምረው ተስማሚ የባክቴሪያ ዝርያ ሲመረጥ ነው። ዲኤንኤ ለማባዛት የተለመደው ዲኤች5 አልፋ የላክቶስ ዘረመሉ የተጓደለ ስለሆነ አይሆንም፤ ይህ ዘረመል የተሟላለትን ኤምጂ1655ን ይጠቀሙ። ኤልቢን በመሰለ ብዙ ምግብ ባለው ማሳደጊያ ፈሳሽ (ሚዲያ) ፋንታም፣ ከጨዎች በቀር ምግቡ የሚጨመርበት ስኳር ብቻ የሆነውን ኤም9ን ይምረጡ፤ አለበለዚያ ሌሎቹ ምግቦች ውጤቱን ይሸፍኑታል። በኤም9 ውስጥ በግሉኮስ ያደሩትን ባክቴሪያዎች፣ በሊትር 0.5 ግራም ግሉኮስና 1.5 ግራም ላክቶስ ወዳለው አዲስ ኤም9 በጥቂቱ ያዛውሩ። ለማነጻጸሪያም ግሉኮስ ብቻና ላክቶስ ብቻ ያለባቸውን ብልቃጦች ያዘጋጁ። ሁሉንም በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ እያናወጡ ያሳድጉ።

በየ20 ደቂቃው ናሙና ወስደው ድፍርስነቱን በ600 ናኖሜትር ይለኩ፤ እድገቱ መገታት ሲጀምር ግን ቶሎ ቶሎ ይውሰዱ፣ ዋናው ነገር የሚፈጸመው በዚያች አጭር ጊዜ ነውና። የእድገት ንድፉን ብቻ አይቶ መደምደም ስህተት ይመስለኛል፤ የኦክስጅን ማነስም እድገትን ይገታል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና ጥቂቱን ወስደው የሴሎቹን ሽፋን በክሎሮፎርምና ኤስዲኤስ በተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል ካሳሱ በኋላ፣ ኢንዛይሙ ሲፈጨው ቢጫ ቀለም የሚሰጠውን ኦኤንፒጂ ይጨምሩበት። የላክቶስ መፍጫው ኢንዛይም፣ ቤታ-ጋላክቶሲዴዝ፣ ካለ ቀለም አልባው ፈሳሽ ቢጫ ይሆናል። ሂደቱን በሶዲየም ካርቦኔት አስቁመው በ420 ናኖሜትር ያንብቡ፤ ንባቡንም ለሴሎቹ ብዛት፣ ለናሙናው መጠንና ለወሰደው ጊዜ ያካፍሉ። ግሉኮስ እስኪያልቅ ቢጫው እጅግ ፈዛዛ ሆኖ፣ እድገቱ ከተገታ በኋላ መድመቅ ይኖርበታል።

ግሉኮስ ዘረመሉን የሚያግድበትን መንገድ ለመለየት ደግሞ አራተኛ ብልቃጥ ያስፈልጋል። ግሉኮስ በሚገባበት ጊዜ ኢአይአይኤ (EIIA) የተባለው ፕሮቲን የላክቶስን ማስገቢያ በር ይዘጋል፤ ላክቶስ ካልገባ ደግሞ የላክቶስ ዘረመሉን የሚዘጋው አጋች ፕሮቲን ከዲኤንኤው አይላቀቅም። ላክቶስን መስሎ አጋቹን የሚያላቅቀው አይፒቲጂ የተባለው ኬሚካል ግን ያለዚያ በር ወደ ሴሉ ይገባል። ስለዚህ ግሉኮሱ ገና ሳያልቅ 1 ሚሊሞላር አይፒቲጂ ይጨምሩና ከሌሎቹ ጋር ያነጻጽሩ፤ ግሉኮስ እያለም ቢጫው በጉልህ ከደመቀ፣ ዋናው እገዳ የላክቶስ አለመግባት ነበር ማለት ነው።