የብረትን 26 ኤሌክትሮኖች እንዴት እናስቀምጣቸው?

ባለፈው ደሴ ቤታችን የእህቴ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣ። 11ኛ ክፍል ነው። የብረትን ኤሌክትሮኖች ደርድሮ መጨረሻው ላይ 3ዲ⁸ ብሏል፤ 3ኛው ሼል (የኤሌክትሮኖች ደርብ)፣ ዲ የሚባለው ክፍሉ፣ 8 ኤሌክትሮን ማለቱ ነው። አብሽር፣ እዚህ ጋ ያልተሳሳተ የለም አልኩት። ከዚያ እንደገና ሠራነው።

መጀመሪያ አቶሚክ ቁጥሩን (የፕሮቶኖቹን ብዛት) ያዙ። የብረት 26 ነው፤ ስለዚህ 26 ኤሌክትሮን ቦታ ይፈልጋል።

ቀጥሎ የቦታውን ልክ እወቁ። ከሼሉ ክፍሎች ኤስ 2፣ ፒ 6፣ ዲ 10፣ ኤፍ 14 ኤሌክትሮን ይይዛል። አንድ ኦርቢታል (በክፍሉ ውስጥ ያለ አንድ የኤሌክትሮን ማደሪያ) ከሁለት በላይ አያስገባም፤ የሁለቱም ስፒን (ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሚያይ ቀስት የሚሳለው የኤሌክትሮን ባህርይ) ተቃራኒ መሆን አለበት።

አሁን ተራው። ልጁ የተሰናከለው እዚህ ነው። 3ፒ ሲሞላ 18 ደርሰናል፤ 8 ይቀራል። እሱ "3 ከ4 ይቀድማል" ብሎ ስምንቱንም 3ዲ ውስጥ ከተታቸው። የሚታየው ግን የሼሉ ቁጥር ብቻ አይደለም። ለኤስ 0፣ ለፒ 1፣ ለዲ 2፣ ለኤፍ 3 ስጡና ከሼሉ ቁጥር ጋር ደምሩ። 4ኤስ 4 ይመጣል፣ 3ዲ ደግሞ 5። ትንሹ ይቀድማል። እንደ 3ዲ እና 4ፒ እኩል ከመጡ፣ የሼል ቁጥሩ ያነሰው ይገባል።

1ኤስ² 2ኤስ² 2ፒ⁶ 3ኤስ² 3ፒ⁶ 4ኤስ² 3ዲ⁶

ከላይ ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች ደምሩ። 26 ካልመጣ የሆነ ቦታ ዘላችኋል።

ከዚያ ለ3ዲ አምስት ሳጥን ሳሉ፣ ለአንድ ኦርቢታል አንድ። መናኸሪያ የቆመ የኮምቦልቻ ሚኒባስ አስቡ። ሰው መጀመሪያ መስኮት መስኮቱን ለብቻው ይይዛል፤ ባዶ ወንበር ሲጠፋ ነው ሰው ጎን የሚጠጋው። አምስቱ ኤሌክትሮኖች አንዳንድ ሳጥን ይይዛሉ፣ ቀስታቸው ሁሉ ወደ ላይ። ስድስተኛው ተገልብጦ ደባል ይሆናል። አራቱ ብቻቸውን ቀሩ። ብረት በማግኔት መሳቡ ከነዚህ ብቸኞች ጋር የተያያዘ ነው።

ብረት ኤሌክትሮን ሲያጣስ? ብዙ ሰው የመጨረሻ የገባውን 3ዲ ያስወጣል። አይደለም! 4ኤስ ቀድሞ ቢገባም ውጪኛው ሼል ላይ ነው። በሩ ጋ የተቀመጠ ተሳፋሪ መቼም ቢሳፈር ቀድሞ ይወርዳል። ሁለት ሲያጣ 3ዲ⁶ ይቀራል፣ ሦስት ሲያጣ 3ዲ⁵። ዝገት ውስጥ ያለው በአብዛኛው ይሄኛው ነው።

ክሮሚየምና መዳብ ከደንቡ ያፈነግጣሉ፤ 4ኤስ ላይ አንድ ብቻ አላቸው። በቃል ያዟቸው።

በመጨረሻ ዚንክን ሰጠሁት፣ 30። የጣሪያችን ቆርቆሮ የሚለበጠው በሱ ነው። 3ዲ¹⁰ ብሎ ጨረሰና ደመረ። 28 መጣ። ትንሽ አፈጠጠበትና ሳልነግረው 4ኤስ²ን መሃል ሰነቀራት።