«ስራዬ ስፖርቴ ነው» እና ሌሎች ስኳር የሚጋብዙ ስህተቶች

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት ገብታችሁ የስፖርት ወሬ አንሱ። መልሱ የታወቀ ነው። «ጊዜ የለም»፣ «ደክሞኛል»፣ «እሱ ለወጣት ነው»። አዲስ አበባም ያው ነው። ስለ ስኳር በሽታ ካነሳችሁ ግን የታመመ ዘመድ የሌለው ሰው አታገኙም። ስንፍና ነው ብዬ አላምንም፤ ይህን ያህል ሰዓት የሚሰራ ሰው ሰነፍ አይባልም። የተሳሳተው ስለ ስፖርት ያለን አመለካከት ነው።

«ስራዬ ስፖርቴ ነው»

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ወይም ኡበር ሲነዳ የዋለ ሰው ይደክመዋል፣ ማን ይክዳል? የደከመው ግን አይኑ፣ ወገቡና ጭንቅላቱ ነው። ትልልቆቹ የእግር ጡንቻዎች ተቀምጠው ነው የዋሉት። እ.ኤ.አ. በ1953 ጄሪ ሞሪስ የተባለ የብሪታኒያ ሐኪም የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሰራተኞች አወዳድሮ ነበር። ሹፌሮቹ ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ በልብ በሽታ ይጠቁ ነበር። ቆራጮቹ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ ነው የሚውሉት። አውቶቡሱ ግን ያው አንድ ነው!

የስኳር በሽታም ጉዳይ ከዚህ አይርቅም። ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ ከሚገባው ስኳር ትልቅ ድርሻ የሚወስደው ጡንቻ ነው። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን (ስኳር ከደም ወደ ሰውነት እንዲገባ የሚያደርገው ሆርሞን) እርዳታም ስኳር ያስገባል። ስለዚህ ሹፌሮች፣ ተሳፋሪ እስኪጠራችሁ ስልክ ከምትነካኩ ወረድ ብላችሁ ተራመዱ። ምሳ ከተበላ በኋላ ያለችው አስር ደቂቃ በተለይ ዋጋ አላት።

«እኔ ቀጭን ነኝ»

ቤተ እስራኤሎች እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ሲገቡ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ገጠር ውሃ ቀድተው፣ አርሰው፣ በእግር ገበያ ሄደው የኖሩ ናቸው። ከተማ ገብተው ጥቂት ዓመታት ሲቆዩ በሽታው በፍጥነት በዛባቸው፤ ወፍራም ያልሆኑትንም አልማረም። ስለዚህ ሚዛን ብቻውን አይበቃም። ወገባችሁን ለኩ፣ የደም ስኳራችሁን ተመርመሩ። ቦርጭ ያወጣን ሰው «ተስማምቶሃል» ማለታችንንም ብናቆም ደስ ይለኛል።

«ጂም ስመዘገብ እጀምራለሁ»

ጥር ላይ ከፍሎ መጋቢት ላይ የሚጠፋ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካ ውስጥ ስኳር ሊይዛቸው በተቃረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ግማሽ ያህሉ ከጥቁር፣ ከላቲኖ፣ ከእስያ እና ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች የመጡ ነበሩ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ሰዎች በስኳር የመያዝ እድላቸው በ58 በመቶ ወረደ። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የወሰዱት ላይ የቀነሰው 31 በመቶ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ይበቃል። ለእሱ ጂም አያስፈልግም።

«ሰው ምን ይለኛል»

ይሄ በተለይ እናቶቻችንን ያስራል። በዚህ እድሜዬ ቱታ ለብሼ? ለምን ቱታ! በነጠላና በሚመች ጫማ መራመድ ይቻላል። ከጎረቤት ጋር ከሆነ ደግሞ ወሬውም አይቀርም። አዲስ አበባ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ አንዳንድ እሁዶች መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ሲከፈት ወጣት ብቻ አልነበረም የወጣው። ልጆች፣ እማማን «አርፈሽ ተቀመጪ» ከማለት አብራችኋት ውጡ።

ከተራመዱ በኋላ «ሰርቼበታለሁ» ብሎ በስኳር የተሞላ ጁስ መጠጣት ደግሞ የተለመደ ነው። ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ውሃ ጠጡ።

ሐኪም ሳይጠይቁ መጀመር

ቀድሞ ስኳር ያለበት፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው፣ ሲንቀሳቀስ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መፍዘዝ ከመጣ ወዲያው ቁሙና ጣፋጭ ነገር ውሰዱ፤ ኪስ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። የሚጾም ሰው ደግሞ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት ጾሙ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። እግሩ የሚደነዝዘው ሰው ከእርምጃ ሲመለስ ካልሲውን አውልቆ ቁስል መኖር አለመኖሩን ይይ።