የሰርቨር ሴኩሪቲ አፕዴት፦ ሪስታርቱን አትዝለሉት

ድሬ ላይ ሰርቨር የምትይዙ ልጆች ይሄን አንብቡት አቦ። በፊት የሰራሁበት አንድ ቦታ አፕዴት በየወሩ ይጫናል፣ ግን ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት ሁላችንም ስለምንፈራ ከአመት በላይ ሪስታርት ሳይደረግ ቆየ። አንድ ቀን ዩኔም -አር (የሚሰራውን ከርነል ቁጥር የሚያሳይ ትእዛዝ) ብዬ ሳየው እየሰራ ያለው ያው የአምናው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ነው፣ አዲሱ ዲስክ ላይ ተቀምጧል እንጂ አንድም ቀን አልተነሳም። በጣም ነው የደነገጥኩት።

መጀመሪያ ሰዓት ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጭር ስለሚል ያኔ መስራት ያምራል፣ ግን ሙቀቱ የሚበረታው ያኔ ነው ኤሲውም ይደክማል፣ ሌሊት 5 ሰዓት አካባቢ ይሻላል። የመብራት መጥፋት ነገር ደግሞ አለ። አፕዴት መሃል ላይ ከጠፋ ከርነሉ ግማሹ ተፅፎ ሊቀርና ማሽኑ አልነሳም ሊል ይችላል፣ ስለዚህ ዩፒኤሱ (መጠባበቂያ ባትሪው) ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ቀድማችሁ እወቁ፣ ጀነሬተሩም ናፍጣ እንዳለው በአይናችሁ እዩ፣ ዘበኛው አለ ስላለ አይበቃም።

ባክአፕ ተወስዷል ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አንድ ፋይል ሌላ ቦታ መልሳችሁ ክፈቱት። ቨርችዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሰራ ማሽን) ከሆነ ስናፕሾት (የማሽኑን የዛን ሰዓት ሁኔታ የሚይዝ) ያዙ፣ ዳታቤዝ ካለ ግን ስናፕሾት ባክአፕን አይተካም።

ሬድሃት ወይም ሮኪ ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ዲኤንኤፍ በሚባለው የአፕዴት መጫኛ፣ ዲኤንኤፍ አፕዴትኢንፎ ሊስት ሴኩሪቲ ብላችሁ ምን እንዳለ እዩ፣ ከዛ ዲኤንኤፍ አፕግሬድ --ሴኩሪቲ። ከቤት የምትሰሩ ከሆነ መጀመሪያ ቲመክስ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ግቡ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ ስራው መሃል ላይ እንዳይሞት። ሲያልቅ ኒድስ-ሪስታርቲንግ -አር የሚለው ትእዛዝ ይነግራችኋል፣ ሪቡት ያስፈልጋል ካለ ዛሬውኑ አድርጉት፣ ነገ ማለት እኛን አንድ አመት ነው የወሰደብን። አዲሱ ከርነል እምቢ ቢል አትደንግጡ፣ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ 3 ከርነል ስለሚያስቀምጥ ሲነሳ ግረብ ሜኑ ላይ የድሮውን መርጦ መግባት ይቻላል። ሁለት ሰርቨር ካላችሁ ቀለል ያለ ስራ ያለው ላይ ጀምሩና አንድ ሁለት ቀን እዩት።

ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ማይክሮሶፍት በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ነው የሚለቀው፣ በኛ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ። ወር ሙሉ አታቆዩት። ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ አለምን ያመሰው በግንቦት 2017 እኤአ ነው፣ ማስተካከያው ግን መጋቢት ላይ ወጥቶ ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ ያልጫኑት ናቸው የተመቱት። ሴንትኦኤስ 7 የሚባለው የሊኑክስ አይነት ደግሞ ከሰኔ 30 ቀን 2024 እኤአ ጀምሮ ምንም አይመጣለትም፣ ስለዚህ ምንም አፕዴት የለም ቢላችሁ ደህና ነኝ ብላችሁ እንዳትተኙ፣ ሲስተሙን ወደ አዲስ ማዛወር ነው ያለው።

ከተነሳ በኋላ ፒንግ (ማሽኑ ኔትወርክ ላይ መኖሩን ማያ) ይመልሳል ብላችሁ አትሂዱ። ፕሮግራሙ ውስጥ ገብታችሁ እንደ ተጠቃሚ አንድ ደረሰኝ አውጡ፣ ፕሪንተሩንም ሞክሩ፣ ዩኔም -አር ብላችሁ የከርነሉን ቁጥር ፃፉት። ጠዋት ቢሮ ሲከፈት ደግሞ ካሸሮቹ ጋ ደውሉ። ሁሉ ሰላም ከሆነ ስናፕሾቱን ከሁለት ሶስት ቀን በላይ አታስቀምጡት፣ እያበጠ ዲስኩን ይሞላዋል።