ብሪጅ ላይ ለቅጣት ደብል ከማለታችሁ በፊት

ደሴም ኮምቦልቻም ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የምትጫወቱ በሞቴ እቺን ያዙልኝ፣ የካርዶቻችሁ ነጥብ ስለበዛላችሁ ብቻ ደብል (የተቃራኒዎቻችሁ ጨረታ አይሳካም ብሎ ውርርዱን ማሳደግ) አትበሉ፣ መጀመሪያ የነሱን ትራምፕ (ሌሎቹን የሚበላውን የካርድ ዓይነት) እዩ። በጨረታው ሀርት ከጠራው ተቃራኒ ቀጥሎ ተቀምጣችሁ ኩዊን ጃክ አስር ዘጠኝ ሀርት ካላችሁና ፓርትነራችሁ (አጋራችሁ) ከጠራው ዓይነት ደሞ አንድ ካርድ ብቻ ከያዛችሁ አብሽሩ፣ ደብል በሉ (ደብሉ ለቅጣት መሆኑን ቀድማችሁ ከተስማማችሁ ማለቴ ነው)። ፓርትነራችሁ ከጠራው ዓይነት አራት ከያዛችሁ ግን እዛ የቆጠራችሁት ኤስና ኪንግ በትራምፕ ይበላባችኋል ስለዚህ የራሳችሁን ጨረታ ቀጥሉ። የጠሩት ሁለት ዳይመንድ ደብል ተብሎ ቢሳካላቸው ጌም (ትልቅ ጉርሻ የሚያስገኝ ውጤት) አይሆንም፣ ሁለት ሀርት ግን ይሆናል፣ ቨልነረብል (ጉርሻውም ቅጣቱም ከፍ የሚልበት ተራ) ሳይሆኑ እንኳ 470 ይወስዳሉ! ቨልነረብል ሆነው ደብል ብላችሁባቸው ሁለት ትሪክ (የካርድ ዙር) ከጎደላቸው ደሞ 500 የናንተ ነው፣ እዛ ጋ ደፈር በሉ።