የመንጋጋ መርፌ ለመወጋት ላሰባችሁ

ሁለት ጣቶቻችሁን ከጆሯችሁ ዝቅ ብሎ፣ መንጋጋ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አድርጉ። አሁን ጥርሳችሁን ግጥም አድርጋችሁ ንከሱ። ከቆዳው ስር ጉብ ብሎ የሚወጣው ማሴተር የሚባለው የማኘኪያ ጡንቻ ነው። ሌሊት ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ይህን ጡንቻ ሳያውቀው ስፖርት ሲያሠራው ያድራል። የእኔ ደርቆ ነበር የሚነጋው። ሳዛጋ ያመኛል፣ ራስ ምታቱ ከዓይኔ ጎን ይጀምረኛል፣ ባለቤቴ ደግሞ "ዛሬም ጠጠር ስትፈጪ አደርሽ" ይለኛል።

አሁን ይህን ጡንቻ የሚያላላ ቦቶክስ የሚባል መርፌ እወስዳለሁ፣ ጠቅሞኛልም። ግን ዘላችሁ መርፌው ላይ አትሂዱ።

መጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ይያችሁ። መርፌው የሚያላላው ጡንቻን ብቻ ነው። አፋችሁን ስትከፍቱ ቋ የሚል ድምፅ ካለ ወይም መንጋጋችሁ የሚቆለፍ ከሆነ ችግሩ ከመገጣጠሚያው ሊሆን ይችላል። ከቦታው የተንሸራተተን የመገጣጠሚያ ዲስክ (በአጥንቶቹ መካከል ያለ ትራስ መሰል ነገር) መርፌ አይመልሰውም። የተሰነጠቀ ጥርስም እንዲሁ መንጋጋ ያሳምማል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ የመንጋጋው ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ የልብ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ማፋጨቱን የሚያባብሰውንም ፈልጉ። ጭንቀት፣ ቡና ማብዛት፣ አልኮልና ሲጋራ የታወቁ ናቸው። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም በአንዳንድ ሰው ላይ ያመጡታል። በራሳችሁ ፈቃድ ግን እንዳታቋርጧቸው፣ ያዘዘላችሁን ሐኪም አነጋግሩ። የምታንኮራፉና ቀን ላይ እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነም ተናገሩ፤ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ሊኖር ይችላል።

ወደ መርፌው እንምጣ። በቦቶክስ ውስጥ ያለው መድኃኒት ቦቱሊነም ቶክሲን ነው። አዎ፣ በተበላሸ የታሸገ ምግብ ሰው የሚመርዘው ያው ነገር፣ በጣም በትንሽ መጠን። ሥራው ከነርቭ ወደ ጡንቻ መልእክት የሚያደርሰውን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይለቀቅ ማገድ ነው። አንጎል ሌሊት "ንከስ" ማለቱን አይተውም፣ ጡንቻው ግን ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ማፋጨቱ ላይጠፋ ይችላል፤ የሚቀንሰው ኃይሉ ነው። "አንዴ ተወግተሽ ትገላገያለሽ" የሚላችሁ ባለሙያ ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን ቦርሳዬን አንስቼ እወጣለሁ።

የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቦቶክስን በ1989 ለዓይን ጡንቻ ችግሮች፣ በ2010 ደግሞ ሥር ለሰደደ ማይግሬን ፈቅዷል። ጥርስ ማፋጨት ግን ከተፈቀደላቸው ሕመሞች ውስጥ የለም፤ ሐኪሞች የሚሰጡት በራሳቸው ሙያዊ ውሳኔ ነው። ለዚህ ነው የሚወጋችሁን ሰው መምረጥ ዋናው ነገር የሚሆነው። የፊት ጡንቻን አቀማመጥ የሚያውቅና ይህን ሥራ ደጋግሞ የሠራ ሐኪም ይሁን። የሚጠቀመውን መድኃኒት ስምና መጠኑን ጠይቁት። በቦቶክስ ከሆነ ለአንድ ጎን ከ20 እስከ 30 ዩኒት የተለመደ ነው። ዲስፖርት የተባለው ተመሳሳይ መድኃኒት ዩኒት ግን ከዚህ ጋር አንድ ስላልሆነ ቁጥሩን ከጓደኛችሁ ጋር አታወዳድሩ።

እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ይቆይ። ሚያስቴኒያ ግራቪስን የመሰለ የነርቭና የጡንቻ ሕመም፣ ደም ማቅጠኛ፣ ወይም እንደ ጄንታማይሲን ያለ አንቲባዮቲክ ካለ ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ወንበሩ ላይ የሚሆነው ብዙም አይደለም። ሐኪሜ "ንከሺ፣ ፍቺ፣ ንከሺ፣ ፍቺ" እያለች ጡንቻው የት እንደሚያብጥ በጣቷ ትፈልጋለች። ከጆሮዬ እስከ ከንፈሬ ጫፍ በእስክርቢቶ መስመር ታሰምራለች፤ ነጥቦቿ ሁሉ ከመስመሩ በታች ናቸው። ከዚያ ወደ ላይ ወይም ወደ አፍ ከተጠጋ ፈገግታን የሚስቡ ጡንቻዎች ሊነኩና አንዱ ጎን ለጊዜው ሊጣመም ይችላል። መርፌዋ ቀጭን ናት። ቆንጠጥ፣ ቆንጠጥ፣ አለቀ።

የዚያን ቀን ቦታውን አትሹት። ለጥቂት ሰዓታት አትተኙ፣ ጂምም ይቅር። ትንሽ ቢበልዝ አትደንግጡ። በማግስቱ "ምንም የለም" ብላችሁም አትናደዱ፤ ለውጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይጀምርና ሙሉ የሚሆነው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆያል። ጠንካራ ሥጋ ስታኝኩ ቶሎ ይደክማችኋል፣ ማስቲካማ ጭራሽ አይመከርም። ስታኝኩ ጉንጫችሁ ላይ ያልነበረ እብጠት ብቅ ቢል የጡንቻው አንድ ክፍል መድኃኒቱ ስላልደረሰው ሊሆን ይችላል፣ ተመልሳችሁ አሳዩ። መዋጥ፣ መናገር ወይም መተንፈስ ከከበዳችሁ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በፍጥነት ሆስፒታል ሂዱ።

ደስ አለኝ ብላችሁ ቶሎ ቶሎ አትወጉ። ከ3 ወር በታች ከተደጋገመ ሰውነት መድኃኒቱን መከላከል ሊጀምርና መሥራቱን ሊያቆም ይችላል። ጉንጭም እየቀጠነ ይሄዳል። ያንን የሚወዱት አሉ፣ እኔ አልወደድኩትም። ጡንቻው ሥራ ሲፈታ የመንጋጋ አጥንትም ሊሳሳ ይችላል የሚል ስጋት ባለሙያዎች ያነሳሉ። እኔ የምጠይቀው አነስተኛውን መጠን ነው፣ ሕመሙ ካልተመለሰም ቀጠሮ አልይዝም።

ቀን ቀን ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ፣ ምላስ ላንቃ ላይ ትረፍ። ናይት ጋርድ (ሌሊት ጥርስ ላይ የሚደረግ መከላከያ) ካላችሁም አትጣሉት፤ ጡንቻው ቢላላም ጥርስ ከጥርስ መፋተጉ ሊቀጥል ይችላል። ለቀጣዩ ቀጠሮ ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፤ ሐኪሙ በላዩ ላይ ካለው የንክሻ ምልክት ሌሊት ምን እንደምትሠሩ ያነባል።