ትንሽ የእጅ ሥራን በኪስ ካሜራ ጥርት አድርጎ ማንሳት

ለሽያጭ የሚነሳ የብር ቀለበት ወይም ሙዳይ ፎቶው ሲደበዝዝ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዙሙ ነው። የኪስ ካሜራ በደንብ ተጠግቶ ማተኮር የሚችለው ዙሙ ሙሉ በሙሉ ሲመለስ ነውና አይንኩት። የአበባ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነው ካሜራውን ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ያስጠጉ። ማንሻውን በግማሽ ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ ያለው የትኩረት ሳጥን አረንጓዴ ካልሆነ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይበሉ።

እጅ መንቀጥቀጡ አይቀርም። ካሜራውን 1 ኪሎ ምስር በያዘ ከረጢት ላይ ያስደግፉ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን የስሜት መጠን) 100 ላይ አድርገው በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ያንሱ።

ፍላሽ ይጥፋ፤ ብር ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል፣ በዚህ ቅርበት የሌንሱ ጥላም ያርፍበታል። ደሴ ጉም ባለበት ጠዋት በመስኮት የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ለብር ተወዳዳሪ የለውም። ኮምቦልቻ ፀሐዩ ከበረታ መስኮቱን በነጠላ ይጋርዱ፤ ጥላው በሚያርፍበት በኩል ነጭ ወረቀት ያቁሙ። ነጩ ዳራ ግራጫ ከወጣ የብርሃን ማስተካከያውን ወደ +0.7 ከፍ ያድርጉ፤ ካሜራው ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ያጨልማል።

ሙዳይ ላይ ትኩረቱ ከፊት ባለው ስፌት ይረፍ። ከዚያ ምስሉን እዚያው አጉልተው ይዩ፤ የአክርማው ጥምጥም አንድ በአንድ ካልተለየ ይድገሙት።