ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት፦ መኪና ቻርጅ አላደርግ ሲል የምንሠራቸው ስህተቶች

ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩ «ጠቅ ጠቅ» ብሎ ዝም። ጎረቤት ገፍቶ ያስነሳልዎታል። ማታ ያው ነው። ከዚያ ቀጥታ ወደ ባትሪ ሻጭ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ሳይለኩ መግዛት። እኔም ለቪትዜ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ ዝናብ እየዘነበ፣ የፊት መብራቱ ደብዝዞ ደብዝዞ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ጥፋቱ የዲናሞው ነበር፤ ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው እሱ ነው። ውስጡ እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን አልቋል። ካርቦን ብቻ ተቀየረና ዳነ።

የባትሪውን ሁለት ጫፎች በቴስተር (በቮልት መለኪያ) መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12 ካሳየ ባዶ ነው በሉት። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው እዚያው ይለኩ። በብዙ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው እየሠራ ነው። 12 ላይ ተገትሮ ከቀረ ቻርጅ የለም። ከ15 ካለፈ የዲናሞውን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ይጠርጥሩ፤ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። መብራትና ማራገቢያ ከፍተውም ይድገሙት፤ ደካማ ዲናሞ የሚጋለጠው ጭነት ሲበዛበት ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል ነው። «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይባላል። የድሮ መኪና ላይ ያልፍ ይሆናል። የዛሬው መኪና ግን ኮምፒውተር አለው። ገመዱ ሲነቀል ቮልቴጁ በቅጽበት ወደ ላይ ይዘላል፤ ያንን የሚውጠው ባትሪው ነበር። ኮምፒውተሩም፣ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት የዲናሞው ዳዮዶችም ሊቃጠሉ ይችላሉ። መካኒኩ እጁን ሲሰድ ካዩ ያስቁሙት። ቢቀየም ይቀየም።

ዲናሞ ከማስፈታትዎ በፊት ኮፈኑን ከፍተው ቺንጊያውን ይዩ። ከላላ ጠዋት ጠዋት ይጮሃል፣ ዲናሞውንም በደንብ አያዞረውም። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ያስጠርጉት። ከሞተሩ አካል ጋር የታሰረው የኔጌቲቭ ገመድም ቢላላ ያው ችግር ይመጣል፤ እሱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የባትሪ ምልክቱ ስላልበራ መዝናናትም አይሆንም። አምፖሉ ራሱ ተቃጥሎ ቢሆንስ? ቁልፍ ሲከፍቱ መብራት፣ ሞተር ሲነሳ መጥፋት አለበት።

ዲናሞ ካስቀየሩ ደግሞ የሞተ ባትሪ ይዘው ወዲያው አይውጡ። ዲናሞ ባዶ ባትሪ ከዜሮ እንዲሞላ ሲገደድ ይግላል። ባትሪው በቻርጀር ይደር።